የአንበሳው ምልክትና የአንበሳው ሥጋ

የአዲስ አበባ ወላጅ ልጆቹን ይዞ የዱር እንስሳት ለማየት የት ይሂድ? ጥያቄው ሲሰሙት ከፖለቲካ የራቀ ይመስላል። የከተማችን የእንስሳት ማሳያ ታሪክ ግን ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ተለይቶ አያውቅም። መንግሥታት ለአንበሳው ምልክት የሰጡትን ክብር ለራሱ ለአንበሳው ሰጥተውት ነበርን? የዛሬው ጽሑፌ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

በአገራችን አንበሳ ማኖር የንጉሥነት ወግ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በለማዳ አንበሶች ተከብበው እንግዳ ይቀበሉ እንደነበር በዘመኑ የመጡ አውሮጳውያን በጽሑፍም በሥዕልም አስቀርተውልናል። እንስሳው ለዲፕሎማሲም ይውል ነበር። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1874 ዓ.ም. ገደማ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። ዝርያው እስከ ዛሬ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በሰጪው ወይም በአገሩ ስም ሳይሆን በተቀባዩ ስም ነው።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ምልክቱ ከነሐስና ከድንጋይ ተሠርቶ አደባባይ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዋዜማ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለገሃር ቆመ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ጦር ትርጉሙ አልጠፋውምና ሐውልቱን ነቅሎ ወደ ሮም አጋዘው፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ለንግሥናው ኢዮቤልዩ ሌላ የድንጋይ አንበሳ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ተተከለ።

ሕያዋኑ አንበሶች በስድስት ኪሎ፣ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አቅራቢያ፣ በ1940 ዓ.ም. የራሳቸው ግቢ ተሠራላቸው። አንበሳ ግቢ የምንለው ይኸው ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም አንበሶቹ ከጎረቤትነታቸው አልተነሡም። ለብዙ ትውልድ የከተማ ልጅ «አንበሳ አየሁ» ማለት እዚያ ክብ አጥር ዘንድ ቆምኩ ማለት ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረውን አንበሳ በመጀመሪያ ዘውዱን አወለቀለት፤ ብዙም ሳይቆይ አንበሳውን ራሱን አነሣው። የአንበሳ ስም ግን ከአውቶቡስ እስከ ሆስፒታል ከከተማዋ አልጠፋም። የስድስት ኪሎዎቹም ሥርዓት ሲለወጥ በዚያው በጠባብ ቤታቸው ቆዩ። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» የሚለው ተረት ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን ለምልክቱም የሚሠራ ይመስለኛል።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. ግን ከእርጅና የከፋ ነገር ተሰማ። በግቢው የሚወለዱ ደቦሎች ቦታና በጀት ስለሌለ በመርዝ እየተገደሉ ሬሳቸው ለቆዳ አድራቂዎች እንደሚሸጥ የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ዘገቡ። ይህም የሆነው ከቢራ ጠርሙስ እስከ ሐውልት አንበሳ በሞላባት ከተማ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን የዚሁ ግቢ 15 አንበሶችን የዘር ውርስ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው እነዚህ አንበሶች፣ ከተነጻጸሩባቸው የዱር አንበሶች ሁሉ በዘራቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹም ዘሩ እንዳይጠፋ ፈጥኖ መጠበቅ እንደሚገባ አሳሰቡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከስድስት ዓመት በፊት «ትርፍ» ተብለው የተገደሉት ደቦሎች የዚሁ ምትክ የሌለው ዘር ልጆች ነበሩ። ድህነት ሰበብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያለንን ሳንመረምርና ሳንመዘግብ መኖራችንን ድህነት ብቻውን ያብራራዋልን?

የተሻለ ምሳሌ ከከተማዋ ብዙ ሳንርቅ እናገኛለን። በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጥበቃው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ተጀመረ፣ የጽድ ችግኙም ከወፍ ዋሻ እንደ መጣ ይተረካል። ምኒልክም የዘውድ ደን አድርገው አስጠበቁት። ጉሬዛውና የምኒልክ ድኩላ ያለ አጥር የሚታዩበት ይህ ደን ብዙ መንግሥታትን ተሻግሯል። ያሻገረው በየዘመኑ የጠበቀውና የተከለው እጅ ነው እንጂ ግርማ ሞገስ ያለው ምልክት አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ጥቁር አንበሳን እንደገና ከቤተ መንግሥት ጋር አገናኝቷል። ቤተሰብ የሚዝናናበት ስፍራ በመገኘቱ ደስ ይለኛል። በታሪክ ዓይን ስመለከተው ግን፣ አንበሳው የተመለሰው እንስሳ ሆኖ ነው ወይስ ምልክት ሆኖ? እላለሁ። መልሱን የሚሰጠን የአጥሩ ውበት አይደለም። ስንት ተወለዱ? ስንት ሞቱ? የተረፉት ወዴት ሄዱ? የሚሉት ጥያቄዎች በየዓመቱ ለሕዝብ በይፋ ሲመለሱ ነው። ትኬት ቆርጦ የሚገባ ዜጋ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ውሰዱ፤ አንበሳውንም ጉሬዛውንም አሳዩአቸው። «ይህ የኩራታችን ምልክት ነው» ብላችሁ ግን አታቁሙ። ይበላል፣ ይታመማል፣ ይወልዳል፣ ጠባቂ ይፈልጋል በሏቸው። ምልክት ብቻ እያየ ያደገ ትውልድ እንስሳው ሲሞት የሚያውቀው ከባዕድ ዜና ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ያየነውም ይህንኑ ነበር።