የሴቶች ሥርዐት በአይሁድና በቤተ እስራኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል፣ እንደ ሌሎች አጥቢያዎች ሁሉ፣ ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ይህን ያየ ምእመን «የአይሁድን ሕግ እንጠብቃለን ማለት ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን ለመረዳት የአይሁድ ሴቶችን ሥርዐት አስቀድመን እንመልከት።

በኦሪት ሴት በወር አበባዋ 7 ቀን ትለያለች (ዘሌ. 15፥19)። ወንድ ብትወልድ 7ና 33፣ በድምሩ 40 ቀን፤ ሴት ብትወልድ 14ና 66፣ በድምሩ 80 ቀን ትቆያለች (ዘሌ. 12፥2-5)። ከዚህ በኋላ የተነሡት የአይሁድ መምህራን በሚሽና እንደ ደነገጉት፣ ሴቶች ጊዜ ከተወሰነላቸው የአድርግ ትእዛዛት በአብዛኛው ነጻ ናቸው። ሦስት ነገሮች ግን በተለይ አደራ ተሰጥተዋቸዋል፤ እነርሱም የወር አበባን ሕግ መጠበቅ፣ ከሊጥ ድርሻ መለየትና የሰንበትን መብራት ማብራት ናቸው።

በጎንደር፣ በስሜንና በወልቃይት ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ግን ሚሽናንና ታልሙድን አያውቁም ነበር። በግእዝ ኦሪት ይመሩ ስለ ነበር፣ ሴቶቻቸው የሰንበት መብራት አያበሩም፤ ይልቁንም ምግቡን ዓርብ አዘጋጅተው እሳቱን ያጠፉ ነበር። በወር አበባ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ይቀመጣሉ። ዙሪያው በድንጋይ ይከለላል፤ ምግብም ከድንጋዩ ማዶ ይቀመጥላቸዋል። ወላዶችም በአራስ ጎጆ ቆይተው፣ ቀኑ ሲፈጸም በወንዝ ውኃ ታጥበው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ በከተማ መኖሪያ ለጎጆው ቦታ አልነበረም፤ ሥርዐቱን መጠበቅም ለእናቶች ታላቅ ፈተና ሆነባቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን የ40ና የ80 ቀንን ቍጥር ከኦሪት ብቻ አልወሰደችም። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል (ኩፋ. 3)። ስለዚህ ዕለቱ የጥምቀት፣ ወደ ገነት የመመለስ ምሳሌ ነው። በኦሪት መሥዋዕት ይቀርብ ነበር፤ በሐዲስ ግን ሕፃኑ ራሱ የእግዚአብሔር ልጅ ይሆናል። እመቤታችንም መንጻት የማያስፈልጋት ስትሆን፣ ሕጉን ለመፈጸም ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ወጥታለች (ሉቃ. 2፥22)።

እንግዲህ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው፤ በወር አበባና በአራስነት ጊዜ ወደ ቅድስት አለመግባትና አለመቍረብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው እንጂ የኃጢአት ፍርድ አይደለም። የወር አበባ ተፈጥሮ እንጂ መርገም አይደለም። ጸሎት አይከለከልም፤ ከዐውደ ምሕረቱ ቆሞ ማስቀደስም ይቻላል። ጌታችን 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ልብሱን ስለ ነካች አልገሠጻትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ (ማር. 5፥25-34)። ስለዚህ ከደጅ የቆመች እናት ከበረከቱ እንደ ተለየች አታስብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።