መርፌው «አያምም»? ሕፃናትን ለማመን የፈጀው ጊዜ

«ዝም ካላልክ መርፌ ነው የማስወጋህ!» ይህን ሳይሰማ ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። ለብዙዎቻችን መርፌ ከሕክምናነቱ በፊት ማስፈራሪያ ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ደግሞ ያው ያስፈራራን ሰው «አይዞህ፣ ምንም አያምም» ይለናል። ከንፈራችንን ነክሰን ዝም ካልን «ጎበዝ!» ተብለን ከረሜላ እንሸለማለን።

ልብ በሉ፤ የተሸለምነው ስላላመመን አይደለም፣ ዝም ስላልን ነው። «ልጅ ዝም ካለ ደህና ነው» የሚለው እምነት የእኛ ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። በዓለም ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞችም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ያስቡ ነበር። እንዴት እንደተሳሳቱና እንዴት እንደታረሙ ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን፣ 1952፦ ዝምተኛዋ ልጅ

ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ወላጆች እንደ ልባቸው አይገቡም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መጠየቅ የሚፈቅዱ ሆስፒታሎች ነበሩ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ «እናቱ ስትመጣ ያለቅሳል፣ ስትሄድም ያለቅሳል። ካልመጣች ግን ይለምዳል፣ ጸጥ ይላል።»

ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ግን ጸጥታው አላማረውም። የፊልም ሙያ ሳይኖረው የእጅ ካሜራ ይዞ ገባና የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ የነበረችውን ላውራን ለትንሽ የእምብርት ቀዶ ሕክምና በተኛችባቸው ስምንት ቀናት ቀረጻት። «ስታለቅስ ብቻ ጠብቀህ ነው የቀረጽካት» እንዳይባል ደግሞ ቀድሞ በተወሰኑ ሰዓታት ላይ ብቻ ቀረጸ። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ይህ ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል፤ ናሙና ሲወሰድ የወሳጁ ስሜት ጣልቃ እንዳይገባ ማድረግ ማለት ነው።

ፊልሙ ላይ ላውራ ብዙም አታለቅስም። አሻንጉሊቷን አቅፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እናቷን ትጠይቃለች፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ወደ ቤት ስትሄድም የእናቷን እጅ አልይዝም አለች። ዝም ማለቷ መልመድ አልነበረም፤ ተስፋ መቁረጥ ነበር።

ሮበርትሰን ፊልሙን ለሐኪሞች ሲያሳይ ብዙዎቹ ተቆጡ፣ ሙያችንን ሰደብከን አሉት። ቢሆንም በ1959 የፕላት ሪፖርት የሚባለው የመንግሥት ሰነድ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው መተኛት እንዲችሉ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ «እናቱ ከጎኑ ትሁን» ማለት ተራ ነገር ይመስለናል። ያኔ ግን ትግል ነበር።

ኦክስፎርድ፣ 1987፦ ማልቀስ የማይችሉት

ሁለተኛው ታሪክ ይከብዳል። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አራስ ሕፃናት፣ በተለይ ያለጊዜያቸው የተወለዱት፣ በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ምክንያቱ ጭካኔ አልነበረም። አንደኛ፣ ማደንዘዣው ራሱ ደካማ ሕፃን ሊገድል ይችላል ብለው ይፈሩ ነበር። ሁለተኛ፣ የአራስ ልጅ አንጎል ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማውም ይባል ነበር። ለዚህም ማስረጃ ተደርገው ከተቆጠሩት አንዱ በ1941 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዋ ሕፃናትን በመርፌ ነካ እያደረገች ተመለከተች፣ በተወለዱባቸው የመጀመሪያ ቀናት የሚያሳዩት ምላሽ ትንሽ ነው ስትልም ጻፈች።

በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሕንዳዊ ሐኪም ካንዋልጂት አናንድ ሌላ ነገር አስተዋለ። ሕፃናቱ ከቀዶ ሕክምና ሲመለሱ ሁኔታቸው እጅግ ተበላሽቶ ነበር። ታዲያ አመመህ ወይ ተብሎ አራስ ልጅ አይጠየቅ። በዚያ ላይ ጡንቻቸው እንዳይንቀሳቀስ መድኃኒት ስለሚሰጣቸው ማልቀስም አይችሉም። ጸጥታው ፍጹም ነው።

አናንድ ጥያቄውን ለደማቸው አቀረበ። ሰውነት ሲጨነቅ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖችን ይረጫል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ይጨምራል። ተመሳሳይ የልብ አካባቢ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 16 ሕፃናት በሁለት ቡድን በዕጣ ከፈለ። ለአንዱ ቡድን በተለመደው አሠራር ላይ ፈንታኒል የተባለ ጠንካራ ማስታገሻ ተጨመረ፣ ለሌላው አልተጨመረም። ውጤቱ በ1987 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ማስታገሻ ባላገኙት ሕፃናት ደም ውስጥ የጭንቀቱ ምልክት እጅግ ከፍ ብሏል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የገጠማቸው ችግርም የበዛ ነበር። ማስታገሻው አደጋ ነው ሲባል፣ ለካ አደጋው ሕመሙ ኖሯል! በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለአራስ ሕፃናትም ማደንዘዣና ማስታገሻ ሊሰጥ እንደሚገባ አሳወቀ።

ስዊድን፦ ሁለት ዱቄቶች፣ አንድ ዘይት

እሺ፣ ሕፃን እንደሚያመው ታመነ። ደም ለመቅዳት ብቻ ግን ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥም። ቆዳን ብቻ ማደንዘዝ ይቻል ይሆን? ችግሩ ቆዳችን ጥሩ ግድግዳ መሆኑ ነው፤ የደነዘዘው መድኃኒት ራሱ የሚገባው በመርፌ ነበር። መርፌ እንዳይሰማህ መርፌ ልውጋህ እንደ ማለት።

መፍትሔውን የስዊድን ተመራማሪዎች በ1980 ገደማ አገኙት። ሊዶካይንና ፕሪሎካይን የተባሉ ሁለት የማደንዘዣ ዱቄቶች አሉ። ለየብቻቸው በክፍል ሙቀት ጠጣር ናቸው፣ እኩል ለእኩል ሲደባለቁ ግን ዘይት ይሆናሉ። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚያቀልጡትን የመበየጃ ሽቦ አስቡ፦ ቆርቆሮ በ232፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣሉ፣ በተገቢው መጠን ሲቀላቀሉ ግን 183 ዲግሪ ይበቃቸዋል። የቅባቱም ምስጢር ይኸው ነው። መድኃኒቱ ፈሳሽ ጠብታ ስለሆነ ቆዳን ዘልቆ ይገባል። ተቀብቶ፣ ተሸፍኖ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ የመርፌው ሕመም በጣም ይቀንሳል።

ቅባት በሌለበትስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በክትባት ጊዜ ሕመምን ስለ መቀነስ ምክር ሲያወጣ፣ ቅባቱ ዋጋውና የሚፈጀው ጊዜ ለመደበኛ የክትባት ፕሮግራም እንደማይመች ገልጿል። የመከራቸው ነገሮች ግን ገንዘብ አይጠይቁም። ሕፃኑን ከመወጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም እየተወጋ ማጥባት። ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ከመጫን ይልቅ ቀጥ አድርጎ አቅፎ መያዝ። ትንንሽ ልጆችን በጨዋታ ወይም በወሬ ሐሳባቸውን መስረቅ። በሐሰት አለማባበል።

የመጨረሻዋን አትናቋት። «አያምም» ተብሎ ያመመው ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ቤት የሚነገረኝ እውነት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ነጭ ጋውን ሲያይ ይጮኻል። ሲፈራ ደግሞ የደም ሥሩ ስለሚጠብ ደም መቅዳቱ ራሱ ይከብዳል። ፍርሃቱ ካደገ በኋላም አብሮት ሊቆይና ከሕክምና ሊያርቀው ይችላል።

ስለዚህ ታናሽ እህታችሁን ወይም ወንድማችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ እውነቱን ንገሩ፦ «ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ወዲያው ያልፋል፣ እኔ እዚሁ ነኝ።» ካለቀሰ ያልቅስ፣ አልቅሶም ጎበዝ ነው። ዝም ካለ ደግሞ «ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉ። ጎንበስ በሉና ጠይቁት። ሮበርትሰን ካሜራ፣ አናንድ ላቦራቶሪ አስፈልጓቸው ነበር። እናንተ ግን መጠየቅና የሚላችሁን ማመን ይበቃችኋል።