የ1 ብር ኖቱ ጀርባ

አሮጌው የ1 ብር ኖት እጃችሁ ላይ ካለ እስቲ ገልብጡት። ከጀርባው ያለው ጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው ብሩ ላይ ነው።

በ1956 ዓ.ም. ፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፤ ብዙው ውኃ ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ ወደ ቦይ ይጠለፍ ጀመር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ መውሰድ ጀመረ። ያ ውኃ በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም።

መብራቱን አልጠላም፤ ማታ ማታ ያጠናችሁት በእሱ ነው። ግን በበጋ የመጣ እንግዳ ቀጭኗን ውኃ አይቶ "ይሄ ነው እንዴ?" ሲላችሁ "ዓባይ ደረቀ" አትበሉት። አልደረቀም፤ መንገዱን ቀይረንበት ነው። ምን ያህሉ ለተርባይን፣ ምን ያህሉ ለፏፏቴው ይለቀቅ የሚለው የሰው ውሳኔ ነው። የሰው ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ልንጠይቅበት እንችላለን።

በመስከረም ሂዱ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ እዩት። ልጆቻችሁንም ውሰዷቸው፤ 1 ብር ሳንቲም ሆኗል፣ እነሱ ብሩ ላይ አያገኙትም።