ማኅበራዊ ድርጊት

ሐሳቡን በዚህ ስም ያብራራው እ.ኤ.አ. በ1920 የሞተው ጀርመናዊ ማክስ ቬበር ነው። ሰው ለራሱ ትርጉም ያለውን ነገር ሌላውን አስቦ ሲያደርግ ድርጊቱ ማኅበራዊ ይባላል። ቃሊቲ መናኸሪያ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ጥላ ቢዘረጋ ማኅበራዊ ድርጊት አይደለም፤ ያስዘረጋቸው ዝናቡ ነው። ጥላን ለማያውቁት መንገደኛ ማጋራት ግን ነው።

የአቃቂ ዕድርተኛ ከዚህ ያልፋል። በየወሩ ይከፍላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ቢቀር ይቀጣል፤ በተራው ድንኳን እንደሚተከልለት ይጠብቃል፤ ሌሎቹም ከእሱ እንዲሁ። ቬበር «ማኅበራዊ ግንኙነት» የሚለው ይህን መጠባበቅ ነው፤ መዋደድ ግዴታ አይደለም (ዕድርተኛ መቼ ሁሌ ይዋደዳል?)። ባላንጣዎችም በዚህ ትርጉም ግንኙነት አላቸው። እንግዲህ ሰው የተሰበሰበበትን ሁሉ «ማኅበራዊ» የምትሉ ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ ቆጠብ በሉ።