አቋማሪዎቹ ሕግ ሲለምኑ

የሪያል ማድሪድ ነጭ ማሊያ ከ2007 እስከ 2013 ደረቱ ላይ ምን ተጽፎበት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «ቢዊን»! (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ለረጅም ጊዜ የሳሙና ስም ይመስለኝ ነበር። ለካስ ከኦስትሪያ የተነሣ የኢንተርኔት ውርርድ ድርጅት ኖሯል።

ማሊያው ላይ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ታዲያ የድርጅቱ ሁለት አለቆች ታስረው ነበር። ሴፕቴምበር 2006 ማንፍሬድ ቦድነርና ኖርበርት ቶይፍልበርገር ከሞናኮ ክለብ ጋር የገቡትን የስፖንሰር ውል ሊያስተዋውቁ ክለቡ ወደሚለማመድበት ላ ቱርቢ ሄዱ። ላ ቱርቢ ያለችው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ፖሊስ እዚያው ያዛቸው፤ ከቀናት በኋላ በዋስ ተለቀቁ። በፈረንሳይ ሎተሪና ውርርድ የሁለት ድርጅቶች ብቻ ርስት ነበር፤ የፍራንሴዝ ዴ ዦ እና የፒ.ኤም.ዩ.። ቢዊን የያዘው ፈቃድ ደግሞ የጂብራልታር ነው።

የነገሩ ሥር ግን ጣሊያን ነው። ጋምቤሊ የተባለ ሰውና ከመቶ በላይ ባልደረቦቹ ለሊቨርፑሉ ስታንሊ ድርጅት ውርርድ እየተቀበሉ በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ ተብለው ተከሰሱ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ላለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 6 ቀን 2003 ፍርድ ቤቱ አንድ ደስ የሚል ነገር ተናገረ፦ ለካዝናው ብሎ ዜጋውን «ተጫወቱ» እያለ የሚገፋፋ መንግሥት፣ ሌላውን አቋማሪ ሲከለክል «ቁማር እንዲቀንስ ብዬ ነው» ማለት አይችልም። እውነት አይደለም እንዴ?

ድርጅቶቹ ይህን ይዘው ብራስልስ ገቡ። ማኅበር አቋቁመው፣ አንድ አገር የሰጠው ፈቃድ በሌላውም ይሥራልን አሉ። ሆኖም በ2006 የወጣው የአገልግሎቶች መመሪያ ቁማርን ጭራሽ አላካተተም። የከፋው የመጣው ሴፕቴምበር 2009 ነው። ቢዊን የፖርቱጋልን ሊግ ስፖንሰር በማድረጉ ተቀጥቶ ነበር። ሞኖፖሊው በ1498 የተመሠረተው የሊዝበኑ የበጎ አድራጎት ቤት፣ ሳንታ ካዛ ነው። ፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት ቁማር ለማጭበርበር የተጋለጠ ስለሆነ ፖርቱጋል ብትከለክል መብቷ ነው አለ።

አቤቱታው መልኩን የቀየረው ከዚህ ወዲህ ይመስለኛል። «ድንበር ክፈቱልን» ቀርቶ «ፈቃድ ስጡን፣ ግብር እንከፍላለን» መጣ። አገሮቹም ግብር ይወዳሉ፤ ያቺው አለቆቹን ያሰረች ፈረንሳይ በሜይ 2010፣ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ወር ሲቀረው፣ ገበያዋን በሕግ ከፈተች። የአውሮፓ ኮሚሽን ተጫዋቹን ስለመጠበቅ ምክረ ሐሳብ ያወጣው ግን በ2014 ነው፤ እሱም አስገዳጅ አልነበረም። በ2017 በቁማር ጉዳይ በአገሮች ላይ የጀመራቸውን ክሶች ዘጋ።

ጣሊያን በ2018 የቁማር ማስታወቂያን ስትከለክል የድርጅቶቹ መከራከሪያ ምን ሆነ መሰላችሁ? «ተጫዋቹ ፈቃድ ወደሌላቸው ይሄዳል!» በ2006 ፈረንሳይ «ፈቃድ የሌላቸው» ብላ ያሰረቻቸው እነሱን ነበር።