እንሰት በመስታወት ቤት

የዕፅዋት ታሪክ ከሰው ልጅ የሥራ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። አንዱ ኅብረተሰብ በላቡ አሳድጎ የሚመገበውን ተክል ሌላው በሳሎኑ ጥግ አቁሞ በቅጠሉ ውበት ብቻ ይደሰትበታል። እንሰት ወደ አውሮፓ ያደረገው ጉዞ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ገልጾ፣ ተቀቅሎ የሚበላ መልካም ምግብ መሆኑን መስክሮ ነበር። ይሁን እንጂ የእንግሊዙ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1853 ዘሩን ከነአገር ቤት ስሙ በለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ሥፍራ በላከ ጊዜ፣ ጠበብቱ የምን ዘር እንደሆነ ሊለዩት አልቻሉም። የሙዝ ዘመድ መሆኑ የታወቀው በቅሎ ቅጠሉን ከዘረጋ በኋላ ነው።

ዘመኑ ለእንዲህ ያለው ተክል የተመቸ ነበር። በእንግሊዝ አገር በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1845 ተነሥቷል፤ የኪው ታላቁ የብረትና የመስታወት ቤትም በ1848 ተጠናቋል። ከኢንዱስትሪ የበለጸገው ከበርቴ ከሞቃት አገሮች የመጡ ባለሰፋፊ ቅጠል ተክሎችን በመኖሪያው መደርደርን የክብር ምልክት አደረገው። እንሰትም ከነዚሁ ጌጦች ጋር ተሰለፈ። «የአቢሲኒያ ሙዝ» የሚል ስምም ተሰጠው፤ ፍሬው ግን በጠንካራ ዘር የተሞላና ለምግብ የማይፈለግ ነው።

አያያዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውርጭ ስለሚገድለው በብርድ ወራት ወደ ቤት ይገባል፤ ብርሃን ወደሚበዛበት መስኮት ይጠጋል። እድገቱ በሚገታበት ጊዜ ውሃ ካልተቀነሰለት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሙቀቱ ሲመለስ ግን ውሃና ማዳበሪያ በብዛት ይሻል። ብርሃን ያነሰው እንደሆነ ቅጠሉ ይገረጣል። አንድ ጊዜ አብቦ ካፈራ ደግሞ ይሞታል፤ ባለቤቱም እንደገና ዘር ፍለጋ ይሄዳል።

የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የጌዴኦና የከፋ ገበሬ ግን ዘር አይጠብቅም። የመሐል ቡቃያውን አውጥቶ ሥሩን ይቀብራል፤ ከአንድ ሥርም ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፣ የከብቱን ፍግ እያለበሰ ለዓመታት ያሳድጋል። ሴቶች ይፍቁታል፤ በጉድጓድ ያብላሉታል፤ ቆጮና ቡላ ያወጡለታል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። በዚያም እንሰት የቤት ተክል ነው፤ ጎጆውን ከብቦ ቆሞ ቤተሰቡን ይቀልባል።

እንግዲህ ዘሩ ባሕር ተሻገረ፤ የፋቂዎቹ ሴቶች ዕውቀት ግን ከጓሮው አልወጣም። በሥዕል የተደገፈው የብሩስ ምስክርነት በእጃቸው የነበረ ሰዎች እንኳ ከተክሉ ያዩት ቅጠሉን ብቻ ነው። በሸክላ ውስጥ ያለ ተክል እንዳይደርቅ መጠበቅ አንድ ጥበብ ነው። ተክሉን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያደረሰውን ሕዝብ ሥራ መዝግቦ ማቆየት ደግሞ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ነው።