«ሰማ» እና «ተሰማኝ»፦ የአማርኛ የስሜት አካላት መሠረታዊ ቃላት

ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ፦ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ «አምስቱን የስሜት ሕዋሳት» በአንድ ትንፋሽ ይቆጥራል። ሞሪስ ስዋዴሽ ቋንቋዎችን ለማነጻጸር ባዘጋጀው ባለ 100 ቃላት ዝርዝር ውስጥም አምስቱም አሉ። ወደ ግሶቹ ስንመጣ ግን ዝርዝሩ ያዳላል፤ ማየትና መስማት ገብተዋል፣ መቅመስና መዳሰስ ቀርተዋል። አማርኛም እንዲሁ ያበላልጣል።

«እስቲ ወጡን ቅመሺና እዪው» ትላለች እናት። ወተትም ይሸተትና ይታያል፣ የታመመ ልጅ ግንባርም ይዳሰስና ይታያል። ዓይን ሥራ በሌለው ቦታ ሁሉ ፍርዱ የ«አየ» ነው። ኦኬ ቪበርግ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት በሃምሳ ያህል ቋንቋዎች የእይታ ግስ ወደ ሌሎቹ ስሜቶች እንደሚሻገር ስላሳየ በዚህ ረገድ አማርኛ ከብዙዎቹ አይለይም።

ይበልጥ የሚመስጠው «ሰማ» ነው። ብርዱም፣ ሕመሙም፣ ሐፍረቱም «ይሰማኛል»፤ «ስሜት» የሚለው ስም ራሱ የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። «ልጄ አይሰማኝም» የሚል አባትና «እግሬ አይሰማኝም» የሚል በሽተኛ በጽሑፍ አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ በአንደበት ግን በሁለተኛው «ሰ» እና «ማ» ይጠብቃሉ። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ የሕክምና መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ልብ ቢል ይበጀዋል።

ስለ ጣዕም ብዙ የሚባል የለም፤ ምግቡ «ጣመኝ» ይባላል፣ ቀማሹ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። የማሽተት ነገር ግን ያጣላል። «ይሸታል» ብቻውን ሲነገር ነቀፋ ነው፤ ቡና ሲቆላ ቤቱን «ያውደዋል» እንጂ «ይሸታል» አይባልም፣ ብንል ባለቤቷ ትቀየማለች።

ቅሬታዬ በ«ሕዋስ» ላይ ነው። ቃሉ በግዕዝ የስሜት መቀበያን ያመለክታል፤ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ደግሞ የሕያዋን አካል የሚገነባበትን ጥቃቅን ክፍል ሰይመውበታል። ስለዚህ ተማሪው ዓይን «ሕዋስ» እንደሆነ በአንድ ገጽ ይማርና በሌላው በሚሊዮን በሚቆጠሩ «ሕዋሳት» የተሠራ መሆኑን ያነባል። ለዓይንና ለጆሮ «የስሜት አካል» ቢባል፣ «ሕዋስ» ለጥቃቅኑ ቢተው ግርታው ይቀላል።